በድልድዩ ሥር ያለፈችው ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ ሕክምና ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው በፍሪስኮ ከተማ ቀጠሮ ነበረኝ። የፍሪስኮ ሕንፃ ሁሉ መስታወት ነው፤ የትኛው በር፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ ሳይገባኝ ዞሬ ዞሬ በስንት መከራ ገባሁ። ተቀምጬ ስጠብቅ ቁመቷ በሩን የሞላ፣ ቀይ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ብቅ አለችና "ዘነበ..." ብላ ጀምራ ቆመች። ዘነበወርቅ የሚለውን ስም እዚህ አገር እስከ መጨረሻው የደፈረው ሰው ስለሌለ ልረዳት ብድግ ስል ዓይኗ ፈጠጠ። "የህሊና እናት!" ብላ ጮኸች፣ ያን ሁሉ ጉልበቱን ያመመው ሰው እያስደነገጠች። የልጄ የህሊና የጥንት ጓደኛ ሜጋን ነበረች። ጉልበቴን ልታክመኝ የመጣች ልጅ እቅፍ አድርጋ ከመሬት አነሳችኝ! "አንቺ ልጅ፣ አስቀምጪኝ" እላለሁ፤ እሷ ትስቃለች፤ እኔም እንባዬ እየመጣ እስቃለሁ። ስታስቀምጠኝ እጇን ይዤ መዳፏን ገለበጥኩት። ለስልሷል። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ይህ መዳፍ እንደ አራሽ መዳፍ የሻከረ፣ ውኃ የቋጠረ ነበር። ምን እንደምፈልግ አውቃለች መሰለኝ "መቅዘፊያ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ!" አለችኝ። ያን ቀን ጉልበቴን ምን እንዳደረገችልኝ አላስታውስም። ወደምኖርበት ወደ ሳክሲ ስመለስ መውጫዬን አልፌ፣ ዞሬ መጥቼ፣ እንደገና አልፌው ነው ቤቴ የገባሁት። ልቤ ያኔ ልጆቹ ይቀዝፉበት የነበረው ሐይቅ ዳር ነበረ።

ያኔ የምንኖረው ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ነው፤ ሁለት መኝታ ያለው አፓርትመንት፣ ፎቅ ላይ፣ ከበታቻችን አንድ ብስጩ ሽማግሌ ያለበት። ቤንዚን ሁለት ዶላር ገባ ተብሎ ሰው በየማደያው ራሱን ይዞ የሚያማርርበት ዘመን ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። አገር ቤት የምንደውለው ካርድ ፍቀን ነው። ባለቤቴ ግርማ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ኤርፖርት ውስጥ ሳንድዊች ቤት እሠራለሁ። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ከወገባቸው አውርደው፣ ተከፍቶ የሚዘጋውን ስልካቸውን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይዞራሉ። ኮሮላችን የምትቀበለው ካሴት ብቻ ነበር፤ አንድ የሠርግ ዘፈን ካሴት ገብቶ ተቀርቅሮ ቀረና ዓመቱን ሙሉ ሥራም ስንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ስንሄድ፣ ዕቃ ልንገዛም ስንወጣ ሙሽራ እንደሸኘን ነው። ጥግ ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት፣ ከጎኑ ዶናት ቤት፣ ከዶናት ቤቱ ፊት ለፊት የአበሻ ወንዶች ቆመው አገር የሚያስተዳድሩበት ፓርኪንግ። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ አፓርትመንታችን ፈርሶ በረንዳው ሁሉ አበባ የሆነ አዲስ ሕንፃ ቆሟል። ዶናት ቤቱ ግን አለ። ገብቼ አንድ ገዛሁ፤ ጣዕሙ ያው ነው።

ሎተሪ ደርሶን ስንመጣ ህሊና አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ እጇን ለማውጣት ማንም የማይቀድማት ልጅ እዚህ ዲዳ ሆነች። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ "ቬጀተብል" የሚለውን ቃል እኛ እንደምንለው ስታነበው ሳቁባትና ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። አስተማሪዎቿ እየደወሉ "ቤትም እንዲህ ናት?" ይሉኛል። ቤትማ እንዴት ብላ! የእኛ ዘር ጉሮሮ ሰፊ ነው፤ እናቴ ሰው ስትጠራ ያልተጠራው ሁሉ "አቤት" ይል ነበር፤ ህሊናም የወረሰችው እሱን ነው። ግን ከቤት ስትወጣ ድምጿን በሩ ላይ ትታው የምትሄድ ይመስል ነበር። ክፍል ውስጥ አይሰማ፣ ምሳ ላይ አይሰማ፣ አውቶብስ ላይ አይሰማ። እኔ ማታ ማታ "ምን ብዬ ነው ይህችን ልጅ ያመጣኋት" እል ነበር ለግርማ። እሱ "ትለምዳለች" ይለኛል፤ ግን እሱም ፊቱን ያዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት አውቶብሱ ጥሏት ሊሄድ ይንቀሳቀሳል። እሷ ገና ከትምህርት ቤቱ በር እየወጣች ነው። ቦርሳዋን አቅፋ እየሮጠች "ቁም!" ትላለች፤ ደንግጣ በአማርኛ። አውቶብሱ ቆመ። አውቶብሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ያሉት መኪኖች ቆሙ፣ መንገድ የሚያቋርጡት ተማሪዎች ቆሙ፣ ባንዲራ የሚያወርደው ሰውዬ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። እዚያው በር ላይ ጂኦግራፊ የምታስተምር ዳያን የምትባል ሽበታም ሴት ነበረች፤ ለካ የትምህርት ቤቱ የጀልባ ቀዘፋ ቡድን አሠልጣኝ እሷ ናት። ህሊናን አውቶብሱ ደረጃ ላይ ደረሰችባትና "ይህን ድምፅ የት ደብቀሽው ነው?" አለቻት።

ልጄ ቤት ስትገባ ፊቷ በርቷል። "እማዬ፣ የጀልባ ቡድን ልገባ ነው።"

"ልትቀዝፊ?" አልኳት።

"አልቀዝፍም። ቀዛፊዎቹ አራት ናቸው፣ እኔ አምስተኛ ነኝ።"

ግርማ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። "ካልቀዘፍሽ ጀልባው ላይ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እጮሃለሁ፣ አባዬ።"

"ለመጮህ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣሁሽ?"

በኋላ ገባን። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ስለሚጎትቱ ከፊታቸው ያለውን አያዩም። መንገዱን የምታየው ከኋላ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ የምትቀመጠው ናት፤ ኮክስ ይሏታል። መሪውን የምትይዝ እሷ፣ ፍጠኑ ዝግ በሉ የምትል እሷ፣ ሲደክሙ የምታበረታ እሷ። ቀላል ሰው ይፈልጋሉ፣ ድምፃም ሰው ይፈልጋሉ። የእኔ ልጅ ደግሞ በእርጥብ ልብሷ ብትመዘን እንኳ ሚዛን የማትነካ ቀጫጫ ናት። ግርማ "በዚያ ጊዜ ሒሳቧን ታጥና" አለ። እኔ ግን ፊቷን አየሁ፤ ስንት ጊዜ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። "ትግባ" አልኩ።

ግን ዋና ሳይችሉ ጀልባ ላይ መውጣት የለም! የእኛ ቤት ሰው ደግሞ ውኃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ በጋ አፓርትመንቱ ግቢ ውስጥ ባለው መዋኛ ሜጋን በየቀኑ እየመጣች አስተማረቻት። ሜጋን የቡድኑ ቀዛፊ ናት፤ ያኔም ረጅም፣ ያኔም ቀይ፣ ፀሐይ ሲነካት ደግሞ ይብስባታል። የሰፈሩ አበሻ በሙሉ በየበረንዳው ወጥቶ ያያል፤ አንድም ዋና የሚችል የለም፣ ምክር የማይሰጥ ግን የለም። "እግርሽን አንቀሳቅሺ!" ይላል አንዱ። "አትተንፍሺ!" ትላለች ሌላዋ። "እንዴት ሳትተነፍስ?" ብሎ ሌላ ክርክር ይነሳል። እኔ ከነጫማዬ መዋኛው ጠርዝ ላይ ፎጣ ዘርግቼ ቆሜ ልጄ ጭንቅላቷ በገባ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከዳር እስከ ዳር ሄዳ፣ ግድግዳውን ነክታ፣ ተመልሳ መጣች። ከበረንዳ እስከ በረንዳ ጭብጨባው ቀለጠ! ብስጩው ሽማግሌ እንኳን መስኮቱን ከፍቶ አውራ ጣቱን አሳየን።

መስከረም ሲጠባ ልምምድ ተጀመረ። ጎህ ሲቀድ ነው የሚወጡት፤ የዳላስ ሙቀት ሳይነሳ፣ ነፋስ ሳይመጣ። እኔ በሠርግ ዘፈኑ እየታጀብኩ እነዳለሁ፣ እሷ አጠገቤ ሆና የትእዛዝ ቃላቱን በእንግሊዝኛ እየደጋገመች አፏን ታፍታታለች። ሐይቁ ዳር ፓርክ አድርጌ ስወርድ የሣሩ ሽታ፣ የጭቃው ሽታ፣ የዳክዬው ጫጫታ። ልጆቹ ያን ረጅም ቀጭን ጀልባ ትከሻቸው ላይ አድርገው እንደ አንድ ሰው ይራመዳሉ። ውኃው ላይ ሲያወርዱት ድምፅ የለውም። ከዚያ ይሄዳሉ፤ መቅዘፊያዎቹ እኩል ይገባሉ፣ እኩል ይወጣሉ፣ ከኋላቸው የሚቀረው የውኃ ክብ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ስትል ሐይቁ ሁሉ እንደ ብርቱካን ይሆናል። ሥራዬ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሆንም አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ጊዜ ማልጄ መነሳትን የወደድኩበት ጊዜ አልነበረም። ሌሎቹ ወላጆች ታጣፊ ወንበር፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በቴርሞስ ቡና ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም አልቀረሁም፣ ሳንቡሳ ይዤ እሄድ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ሳንቡሳው መኪና ውስጥ ሳለ ነው የሚጠይቁኝ።

የመጀመሪያው ውድድር እዚያው ሐይቃችን ላይ ነበር፤ አልሆነም። ሲነሱ ደህና ነበሩ። መሀል ሲደርሱ ሌላ ጀልባ ከጎን መጣባቸው፣ ህሊና ደነገጠች፣ ድምጿ ጠፋ። በርቀት አየኋት፣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጀልባዋ ቀስ ብላ ወደ ዳር አዘነበለችና ሸንበቆው ውስጥ ገብታ ቆመች። ሌሎቹ ሁሉ አለፉ። ሲመለሱ ልጄ ከሰው ጋር አልተያየችም። የአንደኛዋ ቀዛፊ እናት፣ ትልቅ ጥቁር መነጽር የምታደርግ ሴት፣ እኔ አጠገብ ቆማ ለኮች ዳያን እንዲህ አለቻት፦ "ልጆቹ ምን እንደምትላቸው አይሰማቸውም። አክሰንቷ ከባድ ነው። ሌላ ልጅ ብታስቀምጪ አይሻልም?" ብላ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለችልኝ። እንግሊዝኛ የማልሰማ መስሏታል። ቀኑን ሙሉ ሳንድዊች የምታዘዘው በምን ቋንቋ ሊሆን ነው! ልመልስ አፌን ስከፍት የህሊናን እጅ ክንዴ ላይ አገኘሁት። ሰምታለች። ኮች ዳያን "የዚህ ወቅት የመጨረሻው ውድድር ፎርት ዎርዝ ነው። እዚያ የምትመራው ህሊና ናት። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናያለን" አለች።

መኪና ውስጥ ልጄ "እማዬ፣ ልተወው" አለችኝ። መልሱን ያመጣችው ሜጋን ናት። በማግስቱ ሳትደውል ቤታችን መጣችና ምንጣፉ ላይ እግሯን ዘርግታ ቁጭ አለች። "አክሰንትሽ አይደለም ችግሩ" አለቻት። "የምትይው ሁሉ ይገባናል። ግን ስትፈሪ ትለምኚናለሽ። 'እባካችሁ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከቻላችሁ' ትያለሽ። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን በአንቺ ዓይን እየሄድን ነው። አትለምኝን፤ እዘዢን።" ህሊና እኔን አየችኝ። እሷ አባቷን አንቱ የምትል ልጅ ናት፣ ታላላቆቿን ቀና ብላ የማታይ፤ እንዲያ አድርገን ነው ያሳደግናት። ማንን አዛ ታውቃለች?

ሜጋን "ተቀመጡ" አለችን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላዋ፣ ግርማ ከእኔ ኋላ፤ ሁላችንም ምንጣፉ ላይ፣ መጥረጊያና የመጥረጊያ እንጨት ይዘን። ግርማ ገና ከታክሲ መውረዱ ነው፣ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም። ህሊና ፊት ለፊታችን ቁጭ ብላ ጀመረች፤ መጀመሪያ እንደ ጸሎት ቀስ እያለች። "አልሰማንም!" ትላለች ሜጋን። ጨመረች። "አሁንም አልሰማንም!" ጨመረች። ሽማግሌው ከታች ጣሪያውን ሲደበድብ ጊዜ ይባስ ብላ ጨመረች። ግርማ እንጨቱን እየጎተተ ወሬ ሲጀምር "ሦስት ቁጥር! ዘገየህ! ጎትት!" አለችው፣ በአማርኛ፣ አባቷን፣ አንተ ብላ። እሷም ደንግጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ግርማ ኮፍያውን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ፣ ወገቡን አቀናና "እሺ ኮክስ" ብሎ በሙሉ ኃይሉ ጎተተ። እንዲያ ስቀን አናውቅም። ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ድረስ ማታ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዛሬስ ቀዘፋ የለም?" ነው።

ፎርት ዎርዝ ላይ የሚወዳደሩት ወንዝ ላይ ነው፤ መታጠፊያ አለው፣ ድልድይ አለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሱም፤ አንዱ ጀልባ ሄዶ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ይተያያል። ደንቡ ከኋላ ሌላ የደረሰበት ጀልባ ለደረሰው መንገድ ይለቃል ይላል። ቅዳሜ ነበር፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል። ግርማ ሥራ ቀርቶ ነው የመጣው። ለክት ያስቀመጥኩትን ክሬም ካፖርቴን ለብሼ ድልድዩ ላይ ሄጄ ቆምኩ፣ ጀልባዎቹ በእግሬ ሥር እንዲያልፉ ብዬ። ባለመነጽሯ ሴትም መጥታ አጠገቤ ቆመች።

መጀመሪያ ከመታጠፊያው አንድ ቢጫ ጀልባ ብቅ አለ። ከኋላው የእኛዎቹ! ከእነሱ በፊት የተነሳ ጀልባ ነው፤ እየደረሱበት ነው! የሜጋን ቀይ ጸጉር ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ኋላ ሲመለስ ይታየኛል። በየጉተታው ጀልባዋ ዘለል ትላለች። ግን ሁለቱም የሚመጡት በሁለቱ የድልድይ እግሮች መሀል ወዳለው ወደ አንዱ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ሁለት ጀልባ ከነመቅዘፊያው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቢጫው መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም። የህሊናን ድምፅ ሰማሁት፤ "መንገድ!" ትላለች በእንግሊዝኛ። ቢጫው እንዳልሰማ ሆነ። ቀዛፊዎቻችን ጀርባቸውን ሰጥተው ወደማያዩት ድንጋይ በሙሉ ኃይላቸው እየጎተቱ ነው። ግርማ ብረቱን ጨምድዶ "አቁሚ፣ አቁሙ በያቸው" ይላል ለራሱ። ባለመነጽሯ ሴት ክንዴን ያዘችኝ፤ ልጇ እዚያ ውስጥ ናት።

ያን ጊዜ ልጄ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ "ወደ ቀኝ ልቀቁ! አሁን!" አለች። ያ ቃል በዚያ እንግሊዝኛዋ፣ ፊደሉ ሁሉ እንደ ቡጢ ጠብቆ፣ ድልድዩን መትቶ ተመለሰ። የቢጫው ጀልባ መሪ ክው ብላ መሪዋን አዞረች፣ ቀዛፊዎቿ በአንድ ወገን መጎተት አቆሙ፣ ክፍተቱ ተከፈተ። ህሊና ወዲያው ለቀዛፊዎቿ አንድ ነገር ስትላቸው አራቱ መቅዘፊያ እንደ አንድ ክንድ ውኃውን መታው፤ ጀልባዋ በእግራችን ሥር ተፈተለከች። ሁላችንም እየተጋፋን ወደ ድልድዩ ማዶ ሮጥን። ወጥተዋል! ቢጫው ከኋላ ቀርቷል! ባለመነጽሯ ሴት መነጽሯን አወለቀች፤ ዓይኗ ሰማያዊ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። "ሰሟት" አለችኝ። "ኧረ ሁሉም ሰው ሰማት!" ክንዴን ገና እንደያዘችኝ ነበር። እኔም እጄን እጇ ላይ አደረግኩ።

ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ልጆቹ ጀልባ ማውረጃው መድረክ ላይ ነበሩ። በምድባቸው አንደኛ! ግርማ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያቅፋል። እኔ ዳገቱን እየወረድኩ ወደ ልጄ ስሮጥ አራቱ ቀዛፊዎች ህሊናን በእጇና በእግሯ አነሷት፣ ወዲያና ወዲህ አወዛወዟት፣ ከዚያም ወንዙ ውስጥ ወረወሯት! ምን ልበላችሁ? ሳንቡሳውን የት እንደጣልኩት አላውቅም። "ልጄን!" ብዬ ከነካፖርቴ፣ ከነጫማዬ ገባሁ። ብርዱ ልቤን ቀጥ አደረገው። እጄን እያራገብኩ "ልጄን! ልጄን!" እላለሁ፣ ውኃ እውጣለሁ።

ህሊና ከፊቴ ብቅ አለች፣ እየሳቀች። አየችኝና ሳቋ ቆመ። "እማዬ! ምን ሆነሽ ገባሽ?"

"አንቺስ? ገደሉሽ እኮ!"

"ያሸነፈች ኮክስ ትወረወራለች፣ ወጉ ነው! ደስ ብሏቸው ነው!"

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?" እያልኩ ደግሞ ልሰምጥ ነው።

"እማዬ፣ ስሚኝ" አለች። አልለመነችኝም። "እጅሽን አውርጂ። ተንፍሺ። አሁን ቁሚ።"

ቆምኩ። ውኃው እስከ ወገቤ ነበር።

ከላይ ሳቁ ሲፈነዳ ሜጋን ዘላ ገባች። ሦስቱም ተከተሏት። ባለመነጽሯ ሴት ፎጣ ይዛ ዳር ላይ ትንጎራደዳለች፣ ኮች ዳያን ሆዷን ይዛለች፣ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጆሮዬ ሥር "ሰማሽኝ? ድልድዩ ላይ ሰማሽኝ?" ትለኛለች። እንዴት አልሰማሽ! የእናቴን ጉሮሮ ከፍቼ እዚያው ወንዙ መሀል እልል አልኩ። ዳክዬዎቹ ተነስተው በረሩ። ግርማ ከዳር ሆኖ "ውጪ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ይመታሻል!" ይላል።

አልወጣሁም።